ቼክ ኢንጅን የሚያበራው የቤንዚን ትነት፦ የኢቫፕ (የነዳጅ ትነት መያዣ) ሲስተምን ከርካሹ ጀምሮ እንዴት እንፈትሽ?

ቼክ ኢንጅን በርቶ መኪናው በስካነር ሲነበብ ፒ0442፣ ፒ0455 ወይም ፒ0456 ከወጣ ጉዳዩ የሞተሩ ጉልበት አይደለም። ከነዳጅ ታንኩ የሚነሳው ትነት ከተበጀለት መንገድ ወጥቶ ወደ ውጭ እያስተነፈሰ ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩ እንደዚያ ጠርጥሯል። መኪናው እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው መብራቱን ለወራት ችላ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ የኮዱን ስም እንደሰማ ካኒስተር (ትነቱን የሚይዘውን የከሰል ሳጥን) ያስቀይራል። ካኒስተር ከዚህ ሲስተም ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቤንዚን ክዳን፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም አንዲት ትንሽ ቫልቭ ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምራለን።

ሲስተሙ ምን ይሠራል?

ቤንዚን አርፎ አይቀመጥም። ጠዋት ቀዝቅዞ የነበረ ታንክ እኩለ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል። ከረጅም መንገድ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ሲቆም የተጠራቀመው ሙቀት ያተነዋል። ማደያ ላይ ሲቀዳ ደግሞ የሚገባው ቤንዚን ታንኩ ውስጥ የነበረውን ትነት ገፍቶ ያስወጣዋል። ይህ ትነት ሃይድሮካርቦን ነው፤ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ተገናኝቶ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይፈጥራል። የሎስ አንጀለስን ነዋሪ ዓይን ያስለቅስ የነበረው ጭጋግ በዚህ መንገድ እንደሚፈጠር በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳየው በካልቴክ የነበረው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነው። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ትነታቸውን እንዲይዙ አስገደዱ።

ከዚያ በፊት የነዳጅ ታንክ በቀጥታ ወደ አየር ይተነፍስ ነበር። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ቮልስ ፀሐይ ላይ ቆሞ አጠገቡ ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

አሁን ያለው መፍትሔ ይህን ይመስላል። ከታንኩ የሚወጣው ትነት በቱቦ ወደ ካኒስተር ይሄዳል። ካኒስተር በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል የሞላበት ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ከሰሉ እጅግ በጣም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል፤ የቤንዚኑ ትነት እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ፐርጅ ቫልቭን ይከፍታል፤ ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል ንጹሕ አየር በከሰሉ ውስጥ ያልፍና የተጠራቀመውን ትነት ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ እዚያም ይቃጠላል። ንጹሑ አየር የሚገባው በካኒስተሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በቬንት ቫልቭ በኩል ነው።

ሁለት በር ያለው ቤት አድርጋችሁ አስቡት። በሞተሩ በኩል ያለው በር፣ ፐርጅ ቫልቭ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዝግ ነው። በውጭው አየር በኩል ያለው በር፣ ቬንት ቫልቭ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት ነው። ይህችን ከያዛችሁ የቀሩት ደረጃዎች ሁሉ ግልጽ ይሆናሉ።

ኮምፒውተሩ ቀዳዳ መኖሩን እንዴት ያውቃል? አንደኛው ዘዴ ሁለቱንም በሮች መጠቀም ነው። ቬንቱን ይዘጋል፣ ፐርጁን ይከፍታል፤ ሞተሩ ከታንኩ ውስጥ አየር ይስባል። ከዚያ ፐርጁንም ይዘጋና ታንኩ ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር የሚለውን ይከታተላል። የተሳበው ቶሎ ከተመለሰ ከሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ መኪኖች 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ እንዲያገኙ ተጠየቁ፤ ከ2000 ሞዴል አንስቶ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትሯን። ፒ0442 ትልቋ፣ ፒ0456 ትንሿ ናት። ፒ0455 ሲወጣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ወይም ታንኩ ጨርሶ አልተሳበም።

ሌሎች መኪኖች ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው የሚፈትሹት። አንዳንዶቹ ቤንዚኑ ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚፈጠረውን የግፊት መቀነስ ይጠቀማሉ። ብዙ ቶዮታዎች ግን ካኒስተሩ ላይ የራሱ ትንሽ ፓምፕ አላቸው፤ መኪናው ከቆመ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ፓምፑ ራሱ ተነስቶ ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል። ሌሊት ግቢ ውስጥ ከቆመ መኪና ሥር ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ዝቅተኛ እምምታ ይኸው ነው። ባትሪ የሚበላ ነገር ተገኘ ብሎ ሽቦ የሚያስፈትሽ ሰው አይጠፋም።

የእናንተ መኪና ይህ ፍተሻ አለው?

ይህን መጀመሪያ ማጣራት ብዙ ድካም ያድናል። የቀዳዳ ፍተሻውን ያስገደደው የአሜሪካ ሕግ ነው። የአውሮፓ ሕግ በጊዜው የፐርጅ ቫልቩ የኤሌክትሪክ መስመር ጤነኛ መሆኑን እንጂ ቀዳዳ መፈለግን አልጠየቀም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሠሩት መኪኖችም ብዙዎቹ ካኒስተርና ፐርጅ ቫልቭ ኖሯቸው ቀዳዳ የሚፈልግ ዘዴ የላቸውም። ከዱባይ የመጣ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ቤንዚን እየሸተተ መብራት ባያበራ አይግረማችሁ። የአሜሪካ ገበያ መኪና ከሆነ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የልቀት መለያ ወረቀት የኦቢዲ (የመኪናው የራስ ፍተሻ ሥርዓት) ደረጃውን ይነግራችኋል።

ሌላው ከፍታ ነው። የካሊፎርኒያ ደንብ አምራቾች ከ8000 ጫማ፣ ማለትም ከ2440 ሜትር ገደማ በላይ፣ ፍተሻውን እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። የአዲስ አበባ መሀል ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ወደ እንጦጦ በኩል ያሉት ሰፈሮች ግን ያልፉታል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ የሚያድር የአሜሪካ ኮሮላ ለወራት ምንም ሳይል ቆይቶ ባለቤቱ ለሥራ አዳማ ሲመላለስ ሰንብቶ መብራቱ ቢበራ፣ ችግሩ አዳማ ላይ የተፈጠረ ላይሆን ይችላል። ፍተሻው ያኔ ዕድል አግኝቶ ይሆናል። በሌላ በኩል ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን ይበልጥ ይተናል። ማለት ፍተሻው በሚቆምበት ከፍታ ላይ ትነቱ ይብሳል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት

የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲቀላቀል በአንድ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥም ይከማቻል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ። ሲጋራ፣ ብየዳ፣ ግራይንደር አጠገባችሁ አይኑር። ሞተሩን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አቀዝቅዙት። መኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ማቆሚያ ይደገፍ፣ ጎማም ይታገድ።

ደረጃ 1፦ ኮዱን አንብቡ፣ ግን አታጥፉት

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ ይበቃል። ኮዱን ብቻ ሳይሆን ኮዱ ሲመዘገብ የነበረውን ሁኔታም አንብቡ፦ የቤንዚኑ መጠን፣ የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱ። ቤንዚን ከተቀዳ በማግስቱ የተመዘገበ ኮድ ጣቱን ወደ ክዳኑ ይቀስራል።

የተለመዱትን ኮዶች በአጭሩ ላስቀምጥ። ፒ0457 የክዳን ጥርጣሬ ነው። ፒ0441 በፐርጅ በኩል የሚያልፈው መጠን ልክ አይደለም ይላል። ፒ0496 ቫልቩ ዝግ መሆን ሲገባው አየር እያሳለፈ ነው ይላል፤ ይህኛው ወደ ፐርጅ ቫልቭ በቀጥታ የሚወስዳችሁ ኮድ ነው። ፒ0443 የፐርጅ፣ ፒ0446 የቬንት መቆጣጠሪያ ችግር ናቸው፤ እነዚህ ሲወጡ ቱቦ ከማገላበጣችሁ በፊት ሶኬቱንና ሽቦውን እዩ። ኮዱን ሳትጽፉ ብታጠፉት ይህ ሁሉ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ጋራዥ ደርሳችሁ «መጀመሪያ እናጥፋውና ተመልሶ ይመጣ እንደሆን እንይ» የሚል ካጋጠማችሁ ቢያንስ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት።

ደረጃ 2፦ ክዳኑ

ክዳኑን አውጡና የጎማ ቀለበቱን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጤነኛ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ሲጫን ይመለሳል። የደረቀው ግን ያብረቀርቃል፤ ስታጥፉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታዩበታል። ከዚያ ጎማው የሚያርፍበትን የታንኩን አፍ እዩ። ዝገት፣ ጭቃ ወይም የደረቀ አቧራ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ክዳኑ ቀጭ የሚል ዓይነት ከሆነ እስኪጮህ አጥብቁት።

ክዳን ለመቀየር ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ ክዳን ጥርሱ ይገጥም ይሆናል፤ ውስጡ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ግን ለእናንተ መኪና የተለካ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ የለውም።

ክዳኑን አስተካክላችሁ መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ አትደናገጡ። ፍተሻው በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ በማስታወሻው ውስጥ ይቆያል።

ደረጃ 3፦ ዓይንና አፍንጫ

ፐርጅ ቫልቩ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ፣ አየር ማስገቢያው አጠገብ ነው፤ ሁለት ቱቦና አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለው። ከእሱ ተነስታችሁ ቱቦውን በእጃችሁ እየተከተላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ካኒስተሩ በቆዩት መኪኖች ሞተር ክፍል ውስጥ፣ በአዳዲሶቹ ከኋላ ታንኩ አጠገብ ይሆናል። ጎማ ቱቦ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ፣ ፕላስቲኩን በሚያቅፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከላይ ማየት አይበቃም፤ ጫፉን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ይበላል።

አሜሪካ በረዶ ባለበት ክፍለ ግዛት የኖረ መኪና ከሆነ ከክዳኑ ወደ ታንኩ የሚወርደውን የብረት ቱቦ በተለይ እዩ፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከጎማው መክደኛ ጀርባ ገብቶ ያዝገዋል። የኢትዮጵያ መኪና ላይ ይህ እምብዛም አይገጥምም። የኮረኮንች መንገድ ድንጋይ የመታው ካኒስተር ግን ይገጥማል። የታንኩ አናት ላይ፣ ፓምፑ የሚገባበት ትልቁ የጎማ ቀለበትም አንዱ ተጠርጣሪ ነው፤ በቅርቡ ፓምፕ የተቀየረለት መኪና ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። አሮጌው ቀለበት ተመልሶ ተገጥሞ፣ ወይም ሲገጠም ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ታንኩ ሙሉ ሲሆን ብቻ ከኋላ ወንበር በኩል የሚመጣ የቤንዚን ሽታ ነው።

ደረጃ 4፦ ፐርጅ ቫልቭ

በእኔ ግምት ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ ቀጥሎ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ሲበላሽ የሚያሳየው ጠባይ ስላለውም ለመለየት አያስቸግርም፦ ቤንዚን ቀድታችሁ ስትወጡ መኪናው አልነሳ ይላል፣ ወይም ተነስቶ ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ይስተካከላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ስለቀረ ታንኩ ሲሞላ የተገፋው ትነት በሙሉ ሳይለካ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ በትነት ይታፈናል። ሰው ይህን ሲያይ ካንዴላ ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል። «ከማደያ ስወጣ ብቻ ነው» የሚለውን አረፍተ ነገር መካኒኩ ቢሰማው ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱት። ከፐርጅ ቫልቩ ወደ ካኒስተር የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉና የቫልቩን አፍ በጣታችሁ ዝጉ። ምንም መሳብ የለበትም። ጣታችሁን ከሳበ ቫልቩ አይዘጋም፤ ይቀየራል። ይህን የምታደርጉት በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ ቫልቩን እየከፈተ ስለሚዘጋው በየተራ ስቦ ቢለቅ ጤናው ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ የጎማውን ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀስ ብላችሁ ያዙት። ወዲያው ጸጥ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ቫልቩ ወጥቶ ሲፈተሽ በካኒስተር በኩል ባለው አፉ ንፉበት፤ አየር ማለፍ የለበትም። 12 ቮልት ስትሰጡት ቀጭ ይልና ያሳልፋል። በመልቲሜትር ሲለካ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 35 ኦም ውስጥ ናቸው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናችሁ መመሪያ ይወሰድ። ኦሙ ልክ ስለሆነ ብቻ ቫልቩ ደህና ነው አትበሉ። ኦም የሚነግራችሁ ስለ ሽቦው ነው፤ ውስጡ አቧራ ገብቶ እንዳይዘጋ ያደረገውን ቫልቭ አያውቅም።

ቫልቩን ስታወጡ መዳፋችሁ ላይ አራግፉት። የሩዝ ፍሬ የምታክል ወይም ያነሰች ጥቁር ፍሬ ከወደቀች ከሰል ናት። ካኒስተሩ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አዲስ ፐርጅ ቫልቭ ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ካኒስተሩ ተቀይሮ፣ መካከል ያለው ቱቦ ከሁለቱም በኩል ተነቅሎ በአየር ካልጸዳ ቀሪው ከሰል አዲሱንም ያንቀዋል።

ደረጃ 5፦ ቬንት ቫልቭና ካኒስተር

ቬንቱ ከፐርጁ ተቃራኒ ነው፦ ሲነፋ ማሳለፍ አለበት፣ 12 ቮልት ሲያገኝ መዘጋት አለበት። ጠላቱ አቧራ፣ ጭቃና ነፍሳት ናቸው። የነፍሳቱ ነገር ቀልድ አይደለም። በ2011 ማዝዳ በአሜሪካ ከ50 ሺህ በላይ ማዝዳ 6 መኪኖችን ለጥገና የጠራው አንድ የሸረሪት ዝርያ በቬንቱ ቱቦ ውስጥ ድሩን ስለሚያደራ ነበር። ድሩ ቱቦውን ሲዘጋ አየር ወደ ታንኩ መግባት ያቅተዋል፤ ፐርጁ ግን መሳቡን ይቀጥላል፤ ታንኩ በውስጥ ባለው የግፊት ጉድለት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የተዘጋ ቬንት ሁለት ምልክት አለው። አንደኛው፣ ማደያ ላይ የቀጂው እጀታ ታንኩ ሳይሞላ ደጋግሞ ጠቅ እያለ ይቆማል፤ መውጫ ያጣው ትነት ቤንዚኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሁለተኛው፣ ክዳኑን ስትከፍቱ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ፍስስታ ያለ ነው፤ በረጅሙ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ቬንቱን ፍቱና እዩ። የጠጠር መንገድ ላይ የሚውል መኪና ይህ ቱቦ የአቧራ ማጣሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ካለው አጽዱት ወይም ቀይሩት። ቫልቩን በውኃ አትጠቡ።

ካኒስተርን የሚገድለው ግን ከአቧራ ይልቅ የባለቤቱ ልማድ ነው። እጀታው ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት፣ ሂሳቡን ለመሙላትም ይሁን ነዳጅ ይጠፋል ብሎ በመስጋት፣ ፈሳሽ ቤንዚን በትነቱ መንገድ ወደ ከሰሉ ይልካል። ከሰሉ የተሠራው ለትነት ነው። ፈሳሽ ከገባበት የመያዝ አቅሙ ይወድቃል፣ ፍሬውም ሊፈራርስ ይችላል። ካኒስተሩን ፈታችሁ ስታነሱት ከጠበቃችሁት በላይ ከከበደና ቤንዚን ከተንጠባጠበ አልቆለታል። ወረፋ ረጅም በሆነበት ሰሞን ሰው ታንኩን አፍ እስከ አፍ መሙላት የሚፈልግበት ምክንያት ይገባኛል፤ ሆኖም በአንድ ሊትር የተገኘው ጥቅም የካኒስተር ዋጋ አይመልስም።

ደረጃ 6፦ ጭስ

እስካሁን ምንም ካልተገኘ ቀዳዳዋ በዓይን የማትታይ ናት፤ የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ያስፈልጋችኋል። ቬንቱ በስካነር ትእዛዝ ይዘጋል፣ ጭስ በዝቅተኛ ግፊት ወደ ሲስተሙ ይገባል፣ በባትሪ መብራት እየተከታተሉ የሚወጣበት ይታያል። ጨለም ያለ ቦታ ይመረጣል። አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ሞተር ክፍል ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ አረንጓዴ ክዳን ያለው አፍ አላቸው፤ ውስጡ ያለው መርፌ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ በጉልበት እንዳታበላሹት።

ግፊቱ ላይ አደራ። ሲስተሙ የሚችለው ግማሽ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚገፋ ደህና የነበረውን ማሸጊያ ሁሉ ይበረግደዋል፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኦክስጅን ያለበትን አየር ትነት ወዳለበት ታንክ መግፋቱ ነው። ጥንቃቄ የሚያውቅ ባለሙያ ጭሱን በናይትሮጅን ይገፋዋል። ቪዲዮ ላይ የሚታየውን፣ በቆርቆሮ ውስጥ በጋለ ሽቦ ዘይት እያጨሱ ወደ ቤንዚን ታንክ የመላክ ዘዴ ቤታችሁ አትሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ከጥገናው በኋላ

ዕቃው ከተቀየረ በኋላ ኮዱ ይጠፋል፤ ኮዱ ሲጠፋ ግን የመኪናው የራስ ፍተሻ ውጤቶችም ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ይህ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለልቀት ምርመራ የሚቀርቡ ወገኖችን፣ በተለይ በመኪናቸው የሚተዳደሩትን፣ ብዙ ጊዜ ያመላልሳል። ጠዋት ኮድ አጥፍቶ ከሰዓት ምርመራ መሄድ አይሠራም፤ ማሽኑ «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» ብሎ ይመልሳችኋል። የፌዴራሉ መመሪያ ከ2001 ሞዴል ወዲህ ያሉት አንድ ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ይዘው እንዲያልፉ ይፈቅዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ከ2000 ሞዴል ወዲህ ባሉት የቤንዚን መኪኖች ሳይጠናቀቅ ሊቀር የሚችለው የኢቫፕ ብቻ ነው። ከ2010 ሞዴል ገደማ ጀምሮ ያሉት በስካነር የማይጠፋ ቋሚ ኮድም ይይዛሉ፤ እሱን የሚያጠፋው ፍተሻውን ያለፈው መኪና ራሱ ነው።

የኢቫፕ ፍተሻ ከሁሉም የሚዘገየው ሁኔታዎች እስኪገጣጠሙ ስለሚጠብቅ ነው። ቤንዚኑ ከ15 እስከ 85 በመቶ መካከል ይሁን፤ ግማሽ ታንክ ይመረጣል። መኪናው ሌሊቱን፣ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ይቁም፤ ጠዋት ሲነሳ የሞተሩ ውኃና የውጭው አየር ሙቀት መቀራረብ አለበት። የአየሩ ሙቀት በብዙ መኪኖች ከ4 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሪያድ ወይም ዱባይ ያለ የአሜሪካ መኪና በክረምታቸው እንጂ በበጋው ላይጨርስ ይችላል። አስነስታችሁ ጥቂት ደቂቃ በቦታው ይቆይ፣ ከዚያ በተረጋጋ ፍጥነት አውራ ጎዳና ላይ፣ ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ንዱት። በመካከል ቤንዚን አትቅዱ፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚፈትሽ ዓይነት ከሆነ ማታ አቁማችሁ እስከ ጠዋት አትንኩት።

«ቆርጠን እንዝጋው» ለሚላችሁ

ካኒስተሩን አውጥቶ ቱቦዎቹን በብሎን የመድፈን ልማድ አለ። መብራቱን ካምፖሉን በማውጣት «የሚያጠፋም» አለ። የቬንቱ መንገድ ከተደፈነ ታንኩ መተንፈሻ ያጣል፤ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር ትቸገራላችሁ፣ ፓምፑም እየተሳበ ይሠራል። መንገዱ ክፍት ከተተወ ደግሞ ትነቱ መኪናው ሥር ይውላል፣ ያድራል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይህ ከሽታም ያለፈ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የግል መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች አሁን በእጃችን ያሉት ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። ቱቦና ቀለበት መቀየር ከዚህ አንጻር ወጪው ትንሽ ነው።

ሁለት ዓይነት መኪና ለብቻ ይታይ። ተርቦ ያለው ሞተር ሲገፋ አየር ማስገቢያው ውስጥ መሳብ ስለማይኖር ሁለተኛ የፐርጅ መንገድና አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ትንንሽ ቫልቮች አሉት፤ እነሱም ይፈተሹ። በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ደግሞ ሞተሩ ለቀናት ላይነሳ ስለሚችል ካኒስተሩን የሚያጸዳለት የለም። ስለዚህ በብዙዎቹ ታንኩ ጥርቅም ብሎ የታሸገ ነው። ቤንዚን ከመቅዳታችሁ በፊት የታንኩን መክፈቻ ቁልፍ ተጫኑና ግፊቱ እስኪወርድ ጠብቁ። ቀጂው ቢቸኩልም በሩ ራሱ እስኪከፈት ድረስ በካቻቢቴ አትጎርጉሩት።